ጆቫኒ ስፓዶሊኒና የኢጣሊያ ቅርስ

ቅርስ ማለት ምን ማለት ነው? ቅርስ ማለት ያለፈው ትውልድ ሠርቶ ያቆየልን ሀብት ነው። የድንጋይ ሐውልት፣ የብራና መጽሐፍ፣ ሥዕል፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፣ ይህ ሁሉ ቅርስ ነው። እህል ቢያልቅ በክረምት ይዘራል። ከብት ቢሞት ሌላ ይረባል። ቅርስ ግን አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ታዲያ ማን ይጠብቀው? በኢጣሊያ አገር በዚህ ጉዳይ የደከሙ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው ጆቫኒ ስፓዶሊኒ ይባላል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ማን ነበሩ?

ስፓዶሊኒ በ1925 ፍሎረንስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ፍሎረንስ በሥዕልና በጥንታዊ ሕንፃ የታወቀች ናት። ታሪክ ተምረው ገና በ25 ዓመታቸው በዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ቀጥሎም የትልልቅ ጋዜጦች ዋና አዘጋጅ ሆኑ። በ1972 ደግሞ ሪፐብሊካን በሚባል አነስተኛ ፓርቲ በኩል የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ።

የጎርፉ ትምህርት

ኖቬምበር 4 ቀን 1966 በፍሎረንስ መካከል የሚያልፈው የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ሰው ሞተ። ውሃው በአንዳንድ ሰፈር ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ደረሰ። ጭቃውና የማሞቂያ ናፍጣው ተደባልቆ ቤተ መጻሕፍት ገባ። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ጽሑፎች ተበላሹ። ቺማቡኤ የተባለ ሠዓሊ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሣለው ትልቅ ስቅለትም ብዙው ቀለሙ ታጥቦ ሄደ።

ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች መጽሐፉን ከጭቃ እያወጡ እጅ በእጅ ተቀባበሉት። ሕዝቡ «የጭቃ መላእክት» አላቸው። ሥራቸው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው፤ ብዙው ነገር ቀድሞ ተበላሽቷል።

በዚያን ጊዜ የኢጣሊያ ቅርስ አንድ እረኛ አልነበረውም። ሐውልቱና ቤተ መጻሕፍቱ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነበሩ። የድሮ መዝገብ የሚቀመጥበት ቤት ደግሞ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር የሺህ ትምህርት ቤቶች ጣጣ አለበት፤ ቅርስ የሚታሰበው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሁለት ባለቤት ያለው ከብት ሁለቱም «እሱ ያጠጣዋል» ሲሉ በጥማት ያልቃል። ነገሩ እንደዚያው ነበር።

አዲሱ መሥሪያ ቤት

በ1974 መጨረሻ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አልዶ ሞሮ ይህን ሥራ ለስፓዶሊኒ ሰጧቸው። ስፓዶሊኒ ጊዜ አላጠፉም። በዲሴምበር 1974 በአስቸኳይ አዋጅ የቅርስ ሚኒስቴር ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሚኒስትርም እሳቸው ሆኑ። ሐውልቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና መዝገቡ ተሰብስበው ወደ አንድ ቤት ገቡ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ፈተና መጣ። በፌብሩዋሪ 1975 ሌቦች ኡርቢኖ በምትባል ከተማ ካለ ቤተ መንግሥት ሦስት እጅግ የከበሩ ሥዕሎች ሰርቀው ሄዱ። ሥዕሎቹ በዓመቱ በስዊስ አገር ተገኙ። ከዚህ የምንረዳው መሥሪያ ቤት ማቋቋም ብቻውን ሌባ እንደማያስቆም ነው። ዘበኛ፣ መዝገብና ጥሩ ቁልፍ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሚጠብቅ ሕዝብ ያስፈልጋል።

ስፓዶሊኒ በ1981 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከ1987 እስከ 1994 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1994 ለዚሁ ወንበር ተወዳድረው በአንድ ድምፅ ብቻ ተሸነፉ። በዚያው ዓመት አረፉ። ብዙ መጻሕፍታቸውን ለሕዝብ ጥቅም እንዲውሉ ትተዋል። ያቋቋሙት ሚኒስቴር ስሙ ቢለወጥም እስከ ዛሬ አለ።

ለእኛስ?

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ኢጣሊያ የራሷን ቅርስ የሚጠብቅ ሚኒስቴር ስታቋቁም የእኛ የአክሱም ሐውልት እዚያው ሮም ከተማ ቆሞ ነበር። የፋሽስት መንግሥት በ1937 ነው ወስዶ ያቆመው። በ1947 በተፈረመው ውል ኢጣሊያ ልትመልሰው ቃል ገብታ ነበር። የተመለሰው ግን በ2005 ነው፤ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ስለዚህ የራስን ቅርስ መውደድ ብቻ አይበቃም፤ የሌላውንም ማክበር ያስፈልጋል።

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ፍሎረንሶች የያዙት ወርቅ መሆኑን በደንብ ያወቁት ጎርፍ ሲወስድባቸው ነው። እኛ ግን ጎርፉን መጠበቅ የለብንም። በቀበሌያችን ያለውን የብራና መጽሐፍና የጥንት ዕቃ ዛሬ እንቁጠር፤ እንመዝግብ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።

ጥያቄዎች

1. ቅርስ ከእህልና ከከብት በምን ይለያል?
2. ከ1974 በፊት የኢጣሊያ ቅርስ በደንብ ያልተጠበቀው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ ምን ቅርስ አለ? የሚጠብቀው ማን ነው? ተወያዩበት።