ከቡታጅራ ወልቂጤ በእግር፦ ስለ ዘቢዳርና ስለ ማደሪያ ጎጆ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ድንኳን ሳንሸከም፣ ምግብ ሳናበስል፣ ተራራ ላይ ለተከታታይ ቀናት በእግር መጓዝ ይቻላል ወይ?» ትላላችሁ። ይቻላል። እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠርቶበታል፣ እኔም ሄጄበታለሁ። ዛሬ አሠራሩን ላስረዳችሁና ከዚያ በቡታጅራና በወልቂጤ መካከል ስላለው ስለ እኛው የጉራጌ ተራራ፣ ስለ ዘቢዳር፣ ሲከነክነኝ የቆየውን እናገራለሁ።

ይህን አካሄድ በደንብ ያሳየን የሰሜን ወሎው መቄት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ከላሊበላ በስተደቡብ ባለው በዚያ ደጋ ላይ፣ ገበሬዎች ገደል አፋፍ ላይ የድንጋይና የሣር ጎጆ ሠርተው እንግዳ መቀበል ጀመሩ። «ተስፋ» በሚል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ላስታ ተራሮች፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ ወገን ተስፋፋ። ጎጆው የመንደሩ ነው። ኮሚቴውን የሚመርጠው መንደሩ ነው፤ ምግብ የሚሠሩት፣ ጎጆ የሚጠብቁት፣ አህያ የሚነዱትም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በአንድ ሌሊት የሚስተናገደው ጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግርግር የለም፣ መንደሩም ኑሮውን አይለውጥም።

ጠዋት ሻንጣችሁ በአህያ ይጫናል። ጭነቱ ሲታሰር አጠገቡ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ባለ አህያው ሁለቱን ሻንጣዎች አንድ በአንድ በእጁ አንሥቶ መዘናቸው፤ በቀለለው ወገን ድንጋይ ጨመረና በጠፍር አጠበቀው። ጉዞው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሆነው አንዱ ሻንጣ ቢያዘነብል የአህያው ጀርባ ይላጣል፤ ሰውየው የሚጨነቀው ለአህያው ነበር። እናንተ ውኃና የዝናብ ልብስ ብቻ ይዛችሁ ከአስጎብኚው ጋር በአፋፉ ትሄዳላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሌላ መንደር ስትደርሱ ለእጃችሁ ውኃ ይፈስሳል፣ ቆሎና ሻይ ይቀርባል፣ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ብርድ ልብሱ ተደራርቦ ይጠብቃችኋል። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ በገደሉ በኩል ግድግዳው ዝቅ ስላለ ተቀምጣችሁ ሸለቆውን ታያላችሁ። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ እንግዳው መቅረቱ ለእነዚያ መንደሮች ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሰላም ሲሆን መጀመሪያ መሄድ የምፈልገው ወደዚያ ነው።

ሌላው ምሳሌ ባሌ ነው፤ ከዶዶላና ከአዳባ በላይ ያለው ደን። እዚያ በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾና ዱሮ የተባሉ የእንጨት ማደሪያዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተሠሩ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ወይም በፈረስ ይኬድ ነበር። ሐሳቡ ደኑን የሚጠብቁት ነዋሪዎች ከዛፍ ቆረጣ ሌላ ገቢ እንዲያገኙ ነበር። በአውሮፓ በሞንት ብላንክ ዙሪያ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደውና ሦስት አገሮችን የሚያቋርጠው ዝነኛ መንገድም በዚሁ አሠራር ነው የቆመው። ምስጢሩ በቀን ጉዞ ርቀት ልክ ማደሪያ መኖሩ፣ ማደሪያውም ባለቤት ያለው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ቡታጅራ 2,100 ሜትር፣ ወልቂጤ 1,900 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። በመካከላቸው ዘቢዳር እስከ 3,700 ሜትር ያህል ይነሣል። በካርታ ላይ በቀጥታ ብትለኩ ከከተማ ከተማ 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ብዙዎቻችን ሁለቱን ከተሞች የምናውቃቸው ከአዲስ አበባ በሚመጡ ሁለት የተለያዩ የአስፋልት መንገዶች ነው። አንዱ በአለም ገና፣ በጢያ አድርጎ ቡታጅራ ይገባል፤ ሌላው በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ። ተራራው በመካከላቸው ቆሞ ሳለ ማንም በላዩ ስለ መሻገር አያስብም።

ከጫፉ ላይ ቆሞ ማየት ግን ብዙ ያስተምራል። በምሥራቅ የሚወርደው ውኃ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በምዕራብ የሚወርደው በዋቤ ወደ ግቤ፣ ከዚያም በኦሞ አድርጎ እስከ ቱርካና ይሄዳል። አንድ ካፊያ ዝናብ በአንድ ሸንተረር ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይቀራል፣ ሌላው የኬንያ ድንበር ይደርሳል። ይህን ለልጆቻችን በመጽሐፍ ከምናስነብባቸው ቦታው ላይ አቁመን ብናሳያቸው ይሻላል።

መንገዱ በሐሳቤ ይህን ይመስላል። ከቡታጅራ ተነሥቶ በእርሻውና በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ገብስና ውርጭ ያለበት ደጋ ይመጣል። ሸንተረሩን ተሻግሮ የጉመር ደጋ ላይ ያድራል። ከዚያ በቸሃ፣ በእምድብር በኩል እየወረደ፣ እንሰቱ እየበዛ፣ ጉብሬን አልፎ ወልቂጤ ይገባል። ሳይቸኩሉ ቢሄዱ አራት ወይም አምስት ሌሊት ነው።

ሌላ ቦታ በገንዘብ የማይገዛው ጀፎረ ደግሞ እኛ ዘንድ ዱሮም አለ። ለማያውቁት ላስረዳ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ጎጆዎቹ በግራና በቀኝ በረድፍ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይቆማሉ፣ እንሰቱ ከየቤቱ ጀርባ ነው። ሰርግም ለቅሶም የሚያልፈው በእርሱ ነው፣ ፈረስ የሚጋለበው በእርሱ ነው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው በዳሩ ነው። ማንም ገፍቶ አያርሰውም፣ አጥር አያወጣበትም፤ የሚጠብቀው የማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው። በእግር ለሚመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የትም አላየሁም። ማታ ደግሞ በደጋው ብርድ የቡላ አጥሚት ትኩሱን ተጠጥቶ፣ ቆጮ በዝማሙጃት ቀርቦ ማደር ነው። ይህን ለእንግዳ ለማቅረብ ሆቴል መሥራት አያስፈልግም።

ስለዚህ በእኔ እምነት የሚያስፈልገን ከሕንፃ በፊት ስምምነት ነው። መቄት የሰመረው የክፍያው ድርሻ አስቀድሞ ስለተቆረጠና አብዛኛው መንደሩ ውስጥ ስለቀረ ነው። እኛ ዘንድ ገንዘብ ሲመጣ የሚነሣውን ክርክር የሚዳኝ የሽማግሌዎች ሸንጎ አለን፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ፣ በክስታኔ ጉራጌ ጎርደና። የእንግዳ ማደሪያ ደንብ ከእነዚህ ሽማግሌዎች ጋር ተመክሮበት ቢወጣ ማንም በቀላሉ አይጥሰውም። አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተመሠረተ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው። መንገዱ ሁለት ዞን ያቋርጣል። የሁለቱ ዞኖች የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ አስጎብኚው ሸንተረሩ ላይ ሲደርስ ፈቃዱ ያልቃል።

ተባብሮ መሥራት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አባቶቻችን በ1950ዎቹ ብር እያዋጡ በራሳቸው ማኅበር መንገድ ያስቆፈሩ ሰዎች ናቸው። ያኔ ሥራው በዶማና በግሬደር ነበር። አሁን የሚያስፈልገው አስጎብኚ ማሠልጠን፣ ምልክት መትከል፣ በየመንደሩ ሁለት ንጹሕ ጎጆና አንድ ደኅና መጸዳጃ ቤት ማዘጋጀት ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ ይህን አደራ እላለሁ። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ጠዋትን ሳትጠብቁ ወደ ታች አውርዱት፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። በጊዜ ተነሡ፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርዳልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ወፍራም ካልሲና ኮፍያ ያዙ። የአካባቢው ሰው ሳይመራችሁ አትውጡ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም የወረዳውን አስተዳደር ስለ ጸጥታው ጠይቁ።

ለመስቀል አገር ቤት የምትገቡ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ በዓሉ ካለፈ በኋላ ሁለት ቀን ጨምሩ። ከምታውቁት የደጋ መንደር አንድ ወጣት መንገድ መሪ ይዛችሁ እስከሚቀጥለው ቀበሌ ሂዱ፤ ዘመድ ቤት ሳይሆን ከፍላችሁ እደሩ፣ ለመሪውም ለአሳዳሪዋም የድካማቸውን ስጡ። የሄዳችሁበትን መንገድ በስልካችሁ ቀድታችሁ፣ ውኃ የት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደፈጀ ጽፋችሁ ላኩልኝ። የሚደርሰኝን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ አሰባስቤ ለሁለቱም ዞኖች የቱሪዝም ቢሮዎች በእጄ አደርሳለሁ።