የባቄላችሁን ሥር ሰንጥቃችሁ እዩት

ደባርቅና ዳባት ላይ ባቄላ የዘራችሁ፣ ማበብ ሲጀምር አንዱን ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅላችሁ በሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጣቸው ቀላ ካለ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ሥራ ላይ ነው፤ ከተክሉ ስኳር እየተመገበ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ ይቀይራል። ይህን የሚያስችለው ናይትሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙን ግን ኦክስጅን ያበላሸዋል። ቅላቱ የሚመጣው ኦክስጅኑን ይዞ ለባክቴሪያው እየመጠነ ከሚያቀብል፣ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ፕሮቲን ነው፤ እኔን ሁሌም ይደንቀኛል።

ናይትሮጂኔዝ ብረትና ሞሊብዲነም ይፈልጋል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ሞሊብዲነሙ ለሥሩ አይደርስም፣ ባክቴሪያውም ይዳከማል። እብጠቱ ነጭ ከሆነ እባካችሁ ወደ ዩሪያ አትሩጡ፤ ዩሪያ ሲበዛ ተክሉ እብጠት መሥራቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ፤ አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይቅደም።