አማረኝ፦ የአምሮት ቃል፣ ተረቱና እውነታው

በዋግ ኽምራ፣ በሰሃላም ሆነ በሰቆጣ ከተማ፣ እንደ ሌላው አማርኛ ተናጋሪ አካባቢ ሁሉ፣ ሰውነት አንድን ምግብ ወይም መጠጥ ለይቶ አጥብቆ ሲፈልግ ሁኔታው አምሮት ይባላል። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከነፍሰ ጡር ሴት ጋር ተያይዞ ስለሚነሣ በርካታ እምነቶች ተደራርበውበታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለእናቲቱ ርኅራኄን ሲያስገኙ፣ ሌሎቹ ግን ፍርሃትን ያሳድሩባታል ወይም የሕመም ምልክትን ይሸፍኑባታል።

ተረት፦ አምሮት ቅንጦት ወይም ሆዳምነት ነው።
እውነታ፦ የቃሉ አፈጣጠር ይህን አይደግፍም። አምሮት የወጣው «ቆንጆ ሆነ» የሚል ትርጉም ካለው «አማረ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ «ማር አማረኝ» ሲባል የግሡ ባለቤት ማሩ ነው፤ ሰውዬው ግን «‑ኝ» በሚለው ምዕላድ የተመለከተ ተሳቢ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበት አካል ነው። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» እና «አመመኝ» የሚሉት ቃላትም በዚሁ መንገድ የተዋቀሩ ናቸው። በአንጻሩ «ተመኘሁ» ሲባል ባለቤቱ ራሱ ተመኚው ነው። ስለዚህ ቋንቋው አምሮትን የመደበው ሰው ፈቅዶ ከሚያደርገው ሳይሆን ሳይፈቅድ ከሚመጣበት ነገር ጋር ነው።

ተረት፦ አምሮትና ሐራራ አንድ ናቸው።
እውነታ፦ ሐራራ ሰውነት የለመደው ቡና፣ ጫት ወይም ትምባሆ ሲቋረጥበት የሚሰማው ጭንቀት ነው። ቃሉ በዐረብኛ ሙቀት ማለት ሲሆን፣ በግእዝ «ሐረረ» (ነደደ፣ ጋለ) እና «ሐሩር» (ብርቱ ሙቀት) ከሚሉት ጋር በሥር ይገናኛል። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን የሚያመው፣ በቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን አጥብቧቸው የነበሩ የአንጎል የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ነው። አምሮት ግን ልማድን አይጠብቅም።

ተረት፦ ነፍሰ ጡር ያማራት ከቀረባት ፅንሱ ይወርዳል ወይም በልጁ ገላ ላይ ምልክት ይቀራል።
እውነታ፦ በልጅ ቆዳ ላይ የሚታየው ምልክት የሚመጣው ከደም ሥሮች ወይም ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሕዋሳት መብዛትና መሰባሰብ ነው። በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ከሚደርሱት ውርጃዎች ግማሽ ያህሉ ደግሞ የዘር ቅንጣቶች በቁጥር ወይም በቅርፅ ከመዛባታቸው የተነሣ የሚከሰቱ በመሆናቸው፣ ጎረቤት ሲያበስል ሸቷት ሳይደርሳት የቀረ እናት ለደረሰባት ኀዘን ራሷን የምትወቅስበት ምክንያት የለም።

ተረት፦ ያማረ ነገር ሁሉ ሰውነት የጎደለው ነው፤ አፈርም ቢሆን።
እውነታ፦ አብዛኛው አምሮት ጉድለትን ለይቶ አያመለክትም። ምግብ ያልሆነን ነገር የመብላት አምሮት ግን፣ ሕክምናው ያገኘውን ይበላል በተባለ ወፍ የላቲን ስም «ፒካ» የሚለው፣ ከብረት ማዕድን እጥረትና ከደም ማነስ ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ ይታያል። ይሁን እንጂ አፈሩ ጉድለቱን አይሞላም፤ እንዲያውም ብረት ወደ ሰውነት እንዳይዘልቅ ሊያግድና የወስፋት እንቁላል ሊያስገባ ይችላል።

ይህ ጉዳይ በዋግ ምድር ልዩ ክብደት አለው። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በከተማዋ ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር፣ ማለትም በምግብ እጥረት ምክንያት ለዕድሜ የሚገባ ቁመት ማጣትን፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የታለመ ሲሆን፣ መቀንጨርም የሚጀምረው ገና በማሕፀን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ነፍሰ ጡርን «ምን አማረሽ?» ብሎ መጠየቅና ያለውን ማካፈል ተጠብቆ ሊቆይ የሚገባ መልካም ልማድ ነው፤ መልሷ «አፈር» ከሆነ ግን፣ ጠያቂው ነገሩን እንደ እርግዝና ጠባይ ቆጥሮ ከማለፍ ይልቅ፣ ደሟ እንዲመረመርና የብረት እንክብል እንድታገኝ ወደ ጤና ጣቢያ ሊሸኛት ይገባል።