ሚዛኑን ከጥግ አውጡት

ቡሬና ፍኖተ ሰላም በቆሎና በርበሬ በኩንታል እየተጫነ ወደ መሀል አገር የሚወጣባቸው ከተሞች ናቸው። እህል በተረፈበት አገር ሰው በምግብ እጥረት ሆስፒታል ይተኛል ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። እኔ ግን ቡሬ ዙሪያ ተወልጄ ያደግሁ፣ በዚያው በምዕራብ ጎጃም በነርስነት የማገለግል ነኝና የማየው ይህንኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ጎተራው ሙሉ ነው፤ እንቁላሉና ቅቤው ግን ለገበያ ይወጣል፣ ልጁ የበቆሎ እንጀራ በሽሮ ይበላል።

ችግሩ የምግብ እጥረት ሁልጊዜ የከሳ መልክ ይዞ አለመምጣቱ ነው።

አንድ የሁለት ዓመት ልጅ አያቱ አዝለውት መጡ። ፊቱ ሞልቷል፣ ጉንጩ ተወጥሯል። «ተቅማጡ ነው እንጂ ሰውነቱስ ምንም አልጎደለ ልጄ፤ ይኸው ወፍሯል» አሉኝ። የሁለቱንም እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣቴ ለሦስት ሴኮንድ ያህል ጫን አድርጌ ለቀቅሁ። ጣቴ ያረፈበት እንደጎደጎደ ቀረ። አያትየው ራሳቸው እንዲነኩት ጠየቅኋቸው፤ ነክተው ዝም አሉ። ውፍረት የመሰላቸው ውኃ ነበር፤ ከባድ የምግብ እጥረት ያመጣው እብጠት።

እንዲህ ላለ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባለው ወተት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው ሲሆን፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። «ይህች ምን ታደርስለታለች?» ብለው ቅቤ ሊያውጡት የሚነሱ አያቶች ብዙ ናቸው። ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን በረሃብ የተጎዳ ሰውነት ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉት ፎስፈረስና ፖታሲየም ወደ ሕዋሳት ስለሚገቡ ልብ እስከ መቆም ሊደርስ ይችላል። ሌላም የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ ልጁ ሲሻለው መጀመሪያ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ውኃው እየወጣለት ነውና። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኋቸው «እዚህ አምጥተነው ጭራሽ መነመነ» ብለው አዝለውት ሊሄዱ ይችላሉ።

ለሕፃናቱስ ሥርዓት ተበጅቶላቸዋል። አዋቂውን ማን ይመዝነዋል?

ቀዶ ጥገና ተደርጎላት የተኛች አንዲት ነጋዴ አስታውሳለሁ። ከመታመሟ በፊት 84 ኪሎ ነበረች፤ ከሁለት ወር በኋላ እኔ ስመዝናት 75 ሆናለች። እህቶቿ «እሰይ፣ ውፍረቱ ቀነሰላት» ይሉ ነበር። አሁንም ወፍራም ናትና ሰውነቷ ተርቧል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። በስድስት ወር ውስጥ፣ ሳያስበው፣ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ በላይ ያጣ ሰው ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን የምግብ እጥረት ምልክት አለበት፤ እሷ በሁለት ወር ውስጥ ከመቶ አሥር እጅ በላይ አጥታለች። የሄደውም ስብ ብቻ አይደለም፤ የታመመ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል። ቁስሏ አልገጥም ብሎ ሳለ ቤተሰቦቿ የሚያመላልሱላት ለስላሳ መጠጥና ብስኩት ነበር። ቁስል የሚገጥመው በእንቁላል፣ በምስር፣ በባቄላ፣ በወተት ነው፤ ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔን ከልብ የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ እንሰጣለን፣ በካርዱም እንጽፋለን፤ ምግቡን ግን ለአስታማሚ ትተነዋል።

የስኳር በሽታም የከተማ ሰው፣ የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው እምነት በገጠራችን ሥር ሰዷል። በጎንደር የሠሩ ሐኪሞች ግን ከገጠር የሚመጡ የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ከሲታና ደሃ ወንዶች መሆናቸውን ከዓመታት በፊት ጽፈዋል፤ የኖረ የምግብ እጥረት ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀርም ጠርጥረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር እ.ኤ.አ. በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 አውጥቶት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። ስለዚህ ውኃ ውኃ የሚለው፣ ሌሊት ሽንት የሚቀሰቅሰው ከሲታ ገበሬ ሲመጣ «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለን አንሸኘው፤ ደሙን እንመርምር።

ጾም ሲሆን ደግሞ ለታማሚ እንቁላልና ወተት ማብላቱ ይከብዳል። «ጾም ነው ልጄ» ሲሉኝ አልከራከርም፤ ንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ እለምናለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መላ አላትና። አይሆንም ላሉት ግብጦ አለ። እናቴ ግብጦውን ቆልታና ቀቅላ፣ ጆንያ ውስጥ አስራ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ወንዝ ውስጥ ታቆየው ነበር። ፕሮቲኑ ከባቄላ ይበልጣል፤ ይህን የመሰለ እህል ደጃችን እያለ ለአረቄ ማጣጫ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ምሬቱ ያልወጣ ግብጦ መርዛማ ስለሆነ ለታማሚ ከማቅረብ በፊት መቅመስ ያስፈልጋል።

የምጠይቀው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የሚተኛ ሰው ሁሉ በገባበት ቀን ይመዘን፣ በየሳምንቱም ይደገም፣ ቁጥሩ ከትኩሳቱና ከደም ግፊቱ ጎን ይጻፍ። በፊት ስንት ኪሎ ነበሩ፣ ምግብ ከቀነሱ ስንት ቀን ሆነ፣ ዛሬ ምን በሉ ተብሎ ይጠየቅ። ሚዛን ላይ መቆም የማይችለው ተኝቶ እንዳለ በትከሻውና በክርኑ መሀል ክንዱ በቴፕ ይለካ። ካለፈው ሳምንት ከቀነሰ፣ ሐኪሙ ዙር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ይሁን።