የዱር ወይራና የተስፋው ሥር

ከያቤሎ በስተ ምሥራቅ ያለው የአሬሮ ደን፥ በዙሪያው የተዘረጋው ቆላ በድርቅ ሲነድድ እንኳ ጽዱንና ወይራውን ይዞ የሚቆይ በመሆኑ፥ ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በ11ኛው ምዕራፍ ስለ አሕዛብ የጻፈውን ለሚመረምር ሰው የቅርብ አስተማሪ ነው። ፍሬው ለዘይት የማይጨመቀው፥ እንጨቱ ግን የወተት ዕቃ ለማጠን የሚፈለገው ይህ የዱር ወይራ፥ በሐዋርያው ምሳሌ ከእስራኤል ወገን ያልተወለድነው የሁላችን መልክ ነው።

አትክልተኛ በልማዱ የመልካሙን ወይራ ቅርንጫፍ በዱሩ ግንድ ላይ ያጣብቃል፤ ጳውሎስ ግን ሥርዓቱን ገልብጦ፥ የዱሩ ቅርንጫፍ ከመልካሙ ግንድ ገብቶ የሥሩን ልምላሜ ተካፈለ ይላል። ሥሩም የምድር ነገዶች ሁሉ በአብርሃም እንዲባረኩ የተሰጠው ኪዳን ስለ ሆነ፥ ለአብርሃምም እምነቱ ጽድቅ ሆኖ የተቈጠረለት ገና ሳይገረዝ ስለ ነበረ፥ አሕዛብ በክርስቶስ ወራሾች ሲባሉ ባለ ርስቱን አፈናቅለው ሳይሆን ከባለ ርስቱ ጋር ተቈጥረው ነው። በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያት፥ ከአሕዛብ ያመኑት የግዝረት ቀንበር አይጫንባቸው ሲሉ መፍረዳቸው ከዚህ ጋር ይስማማል። በኦሮሞ ሕግ ባዕዱ በሞጋሳ ወደ ጎሳ ሲገባ በመብትም በግዴታም ከጎሳው ልጆች ጋር እንደሚተካከል የሚያውቅ ሽማግሌ፥ ይህን ፍርድ ለመረዳት ረዥም ትርጓሜ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ ሥሩን ረሳ። በ2ኛው መቶ ዓመት ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እውነተኞቹ እስራኤል ክርስቲያኖች ነን ብሎ ካስተማረ ወዲህ፥ ቤተ ክርስቲያን የእስራኤልን ስፍራ ፈጽማ ወሰደች የሚለው አሳብ እየገነነ ሄዶ በአውሮፓ ለአይሁድ መከራ አንዱ ምክንያት ሆነ፤ የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፥ እግዚአብሔር ለአይሁድ በሰጠው ስጦታና ጥሪ እንደማይጸጸት የመሰከረችው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

የእኛ አገር ነገር ይለያል፤ ሥሩን ከመርሳት ይልቅ ሥሩ የራሳችን ነው ወደ ማለት አዘነበልን። ክብረ ነገሥት ታቦተ ጽዮን ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣች ብሎ ይተርካል፤ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤም ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ወሰነ። ለኦሪት ያለን ይህ ፍቅር ውድ ሀብታችን ነው፤ ሆኖም ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ለኢየሱሳውያን መልስ ባዘጋጁት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረታችን ያገር ልማድ መሆኑን ገልጸው ስለ ጻፉ፥ ወደ ኪዳኑ የገባነው በጸጋ እንጂ በሥጋ እንዳልሆነ ከእርሳቸው ብዕር መማር እንችላለን።

ይህን መዘንጋት ያመጣውን ጉዳት የቦረና ምድር ያውቀዋል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ከወረደው ደገኛ ብዙው፥ አንዱን ዋቃ በጥልቅ ጕድጓዶቹ ዳር የሚለምነውን ቦረና እንደ አረመኔ ቈጥሮ፥ ራሱን ግን ከእናቱ ማኅፀን ወራሽ ሆኖ እንደ ወጣ አድርጎ መመልከቱ፥ ሐዋርያው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ እንዳይታበይ የከለከለውን ትእዛዝ መተላለፍ ነበር። በልጅነታቸው በባርነት ተሽጠው የነበሩት አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ፥ በግዕዝ ፊደል፥ በ1899 እ.ኤ.አ. ሙሉውን ባሳተሙ ጊዜ ግን፥ የአብርሃም ኪዳን ደገኛውን አስተርጓሚ ሳያደርግ ለቦረናው በገዛ አንደበቱ የሚነገርበት መንገድ ተከፈተ።