ተማሪው ይዞት ከመጣው ቋንቋ መጀመር፦ የእንግሊዝኛ የቃላት ቅደም ተከተልና ሐረጋዊ ግሶች በደቡብ ኦሞ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ ሰዋስው ተምሮ፣ ቃላት አጥንቶ ሳለ፣ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሲመሠርት የሚሰናከለው ለምንድን ነው? የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የሚቀመጡበት የመውጫ ፈተናም እንዲሁ። በመመሪያ ላይ «ፊል ኢን» ሙላ፣ «ሊቭ አውት» ደግሞ ሳታስገባ ተው ማለት ነው። ሁለቱን ያልለየ ተማሪ ትምህርቱን እያወቀ ነጥብ ያጣል።

በመጀመሪያ የቃላትን ቅደም ተከተል እንመልከት። በአማርኛ «ልጁ ላሟን አየ» ወይም «ላሟን ልጁ አየ» ብንል ያየው ልጁ ነው፤ «ን» ተሳቢውን ትለይልናለችና። እንግሊዝኛ ይህን ምልክት በስሞቹ ላይ አያኖርም፤ የ«ን»ን ሥራ የሚሠራው የቃሉ ቦታ ነው። «ዘ ቦይ ሶው ዘ ካው» የሚለውን ብናገላብጠው ላሚቱ ልጁን ታያለች።

የተለመደው ማብራሪያ «አማርኛ ግሱን ያስከትላል፤ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ያውለዋል» የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ለጂንካ አይበቃም። ኦሞአዊ የሆኑት አሪኛና ሐመርኛ፣ ኩሻዊ የሆነውም ዳሰነችኛ፣ እንደ አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ይወስዳሉ። ናይሎ-ሰሃራዊ የሆነው ሙርሲኛ ግን በመደበኛ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤትን፣ ግስንና ተሳቢን በዚሁ ተራ ያሰልፋል፤ እንደ እንግሊዝኛ ማለት ነው። ከዚያው የቋንቋ ቤተሰብ የሚመደበው ኛንጋቶምኛ ደግሞ በግስ ይጀምራል። እንግዲህ አሪኛ ተናጋሪው ግሱን ወደ መካከል ማምጣት፣ ኛንጋቶምኛ ተናጋሪው ባለቤቱን ማስቀደም መለማመድ አለባቸው። ሙርሲኛ ተናጋሪው ግን ቅደም ተከተሉን ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ ሁሉንም በአማርኛ በኩል ስናሻግር ይህን ሀብቱን እንሸፍንበታለን። ስለዚህ ተማሪው አንድ ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይበል፤ ግሱ የት እንዳለ ያመልክት፤ ከዚያም ቃላቱን በወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፎ በእንግሊዝኛ ተራ ይደርድር።

ሁለተኛው መሰናክል ሐረጋዊ ግስ ነው። ተማሪዎች «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን እያወቁ፣ «ጊቭ አፕ» እንዴት ተስፋ መቁረጥ ሆነ ብለው ይደነቃሉ። ነገር ግን በአማርኛም «ብድግ አለ» ስንል ማንም «ብድግ» የሚል ቃል አልተናገረም፤ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። «አለ» በነዚህ ውስጥ የመናገር ትርጉሙን ትቷል። ተማሪው ሁለት ቃል እንደ አንድ ግስ ማስተዋልን ያውቅበታል፤ መምህሩ ይህን እንዲያስተውል ብቻ ይርዳው።

የሚከብደው የተሳቢው ቦታ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» እና «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። በስሙ ምትክ «ኢት» ሲገባ ግን «ተርን ኢት ኦፍ» ብቻ ይባላል። ለዚህም አማርኛ መንገድ ያሳያል። ስለ ራዲዮ ድምፅ «ከፍ አድርገው» ስንል ተሳቢውን የምታመለክተው «ው» የተጣበቀችው ከግሱ እንጂ ከ«ከፍ» አይደለም። የእንግሊዝኛውም «ኢት» በ«ተርን ኢት አፕ» ውስጥ የሚጠጋው ወደ ግሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሐረጋዊ ግስ አይከፈልም። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው፤ «ሉክ አፍተር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። እዚህ ላይ «አፍተር» መስተዋድድ ስለሆነ ተሳቢው እርሱን ይከተላል። ስለዚህ ተማሪዎች በደብተራቸው ባዶ ግስ እንዳይመዘግቡ እመክራለሁ። «ፊል ኢት ኢን»፣ «ሊቭ ኢት አውት»፣ «ሉክ አፍተር ኢት» ብለው ይጻፉ፤ ትርጉሙና የተሳቢው ቦታ አብረው ይጠናሉ።

የደቡብ ኦሞ ልጅ ወደ እንግሊዝኛ ክፍል የሚገባው አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቋንቋ ይዞ ነው። መምህሩ በየቋንቋው ባይናገርም፣ ግሱ የት እንደሚቀመጥ ተማሪውን ለመጠየቅ አይቸገርም። ትምህርቱ ከዚያ መልስ ይጀምር።