ማስተርስ አለ፣ ሥራ ግን የለም፦ የኤም ቢ ኤ ተማሪ ሳይመረቅ ምን ይያዝ?

ቴሌግራም ላይ እንዲህ ዓይነት የሥራ ማስታወቂያ ሳታዩ አትውሉም፦ «በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት የሥራ ልምድ»።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። ማስተርሱ የቀነሰው 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ልምዱን አልተካውም። ትምህርቱ ራሱ ደግሞ 2 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሥራ ሳትሠሩ ከተማራችሁት ያገኛችሁት ትርፍ የለም ማለት ነው። እየሠራችሁ ከተማራችሁ ግን ሁለቱም ይቆጠርላችኋል።

በጣም የሚጎዱት ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የሚገቡት ናቸው። «ቁጭ ከምል ልማር» ማለት አያስወቅስም፣ ሥራ የለማ! ግን ባንኮች ለጀማሪ ሠልጣኞች የሚያወጡት ቅጥር ብዙ ጊዜ የምረቃ ዓመት ወይም ዕድሜ ይገድባል። ተምራችሁ ስትመጡ ያ በር ተዘግቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የኃላፊነት ቦታው ደግሞ «ልምድ አምጡ» ይላል።

ስለዚህ የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ፕሮግራም ከተገኘ እሱ ይሻላል። ቀን ላይ ሽያጭም ይሁን ስቶር ኪፐርነት፣ ትንሽ የምትመስል ሥራ ያዙ። ዋናው ነገር ወረቀቱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት፣ ሥራ ስትለቁ ወይም በጠየቃችሁ ጊዜ አሠሪው የሥራችሁን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። ብዙ ቀጣሪዎች ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ይጠይቃሉ፤ ደመወዛችሁ በእጅ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ አጣሩ።

ሌላው ቴሲሱ ነው። «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእገሌ ባንክ» የሚል ርዕስ ስንት ጊዜ ተሠራ? መጠይቅ ይበተናል፣ ቁጥሩ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በዚያው ጊዜ አንድ ፋርማሲ መድኃኒት ለምን ጊዜው አልፎበት እንደሚጣል፣ ወይም አንድ ዳቦ ቤት በቀን ስንት ዳቦ ተርፎት እንደሚከስር ማጥናት ይቻል ነበር። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ መዝገቡን ኤክሴል ላይ አውርዱት፣ ኪሳራውን በብር አስሉት፣ መፍትሔውን አንድ ወር ሞክሩት። አማካሪ መምህራችሁ ርዕሱ ጠበበ ሊላችሁ ይችላል፤ ተከራከሩ።

ኢንተርቪው ላይ «ምን ሠርተሃል?» ወይም «ምን ሠርተሻል?» ሲባል ከኮርስ ዝርዝር ይልቅ ይሄ ይወራል። የፋርማሲው ባለቤት ስልክም ሲቪያችሁ ላይ ምስክር ሆኖ ይገባል፣ እሱንም አስፈቅዳችሁ።